እግር የሚሠሩ እጆች፦ ከዋድላ ደጋ እስከ ደሴ

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ እያስጎተቱ የዋድላን ደጋ አቋርጠዋል። ገደሉን እያስፈለጡ፣ ድንጋዩን እያስነሡ፣ መንገድ በሌለበት መንገድ እያስወጡ ወደ ጅጣ ወንዝ ሸለቆ ወረዱ። ከዚያ ደላንታን አልፈው፣ በሽሎን ተሻግረው መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሱ። በኋላ የመጣው የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦርም የጅጣን ገደል የወረደው ንጉሡ ባስጠረጉት በዚያው መንገድ ነበር። የዛሬዋ የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ ኮን ያለችው በዚሁ ደጋ ላይ ነው። መንገደኛ ኮንን የሚያውቃት ከወልድያ ወደ ወረታ በሚያልፈው የቻይና መንገድ ነው፤ የቤተ ክህነት ሰው ደግሞ ዋድላን የሚያውቀው ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር በሚጠራው የቅኔ ቤቱ ነው።

ሴባስቶፖልን ያቀለጡት በጋፋት የነበሩት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ሞሪትስ ሆልና ጓደኞቻቸው። ሠረገላውንና መንኮራኩሩን ሠርተው፣ የሞርታሩን ቅርጽ በጭቃ አበጅተው ነሐስ ማፍሰሱን ተምረው ተወጥተውታል። በዚያን ጊዜ በዚያ አገር ብረትና እንጨት አቀናጅቶ ለሰው እግር ምትክ መሥራት የሚችል ሰው ቢፈለግ ከእነርሱ መካከል ይገኝ ነበር። የታዘዙት ግን መድፍ እንዲሠሩ ነው።

እግርና እጅ ያጣ ሰው በዘመኑ ጥቂት አልነበረም። ስለ ዘመነ ቴዎድሮስ የተጻፉት ዜና መዋዕሎች ንጉሡ በወሎ ዘመቻቸው የያዙትን ምርኮኛ እጁንና እግሩን ያስቆርጡ እንደነበር ይተርካሉ። በ1857 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት ዘንድ በገቡ ጊዜ፣ ንጉሡ በአምባው ታስረው የነበሩትን የወሎ ሰዎች፣ የወርቂትን ልጅ ጨምሮ፣ አካላቸውን አስቆራርጠው ከገደል አስጣሏቸው። ከመቅደላ ማዶ፣ ከበሽሎና ከጅጣ ወዲህ የነበረው የዋድላና የደላንታ ሕዝብ ይህን በሩቅ የሰማው ወሬ አልነበረም፤ በአይኑ ሥር የተፈጸመ ነው።

ቅጣቱ የቴዎድሮስ ፈጠራ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት ሌባን እጁን እንዲቆርጡት ይፈቅዳል፤ በሸፈተና በከዳ ላይ ደግሞ ቀኝ እጅና ግራ እግር መቁረጥ በየዘመኑ የነገሡ ሰዎች ሲፈጽሙት የኖሩት ነው። አቆራረጡም የራሱ ሥርዓት ነበረው። አጥንት በመጋዝ አይከፈልም፤ ቢላው የሚገባው በመገጣጠሚያው ላይ ነው፤ እጅ ከአንጓው፣ እግር ከቁርጭምጭሚቱ። ደሙን ለማቆም የተቆረጠውን ጫፍ በፈላ ቅባት ውስጥ ይነክሩታል። ብዙዎቹ በሕመሙና በደም መፍሰሱ ይሞታሉ፤ የተረፉት ግን ቁስላቸው ደርቆ ለዓመታት ይኖራሉ። እንግዲህ ይህ አገር አካል መቁረጥንም ሆነ ከተቆረጠ በኋላ ነፍስ ማትረፍን በራሱ መንገድ ያውቅ ነበር። የጎደለውን መተካት ግን ማንም እንደ ሙያ አልያዘውም። እግሩ ለተቆረጠ ሰው የወይራ ምርኩዝ ይበቃዋል ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ እጁን ያጣ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ይጠብቃል።

በአንጻሩ ሕዝቡ እግሩ የጎደለ ሰው ሥዕል ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሳይወርድለት ኖሯል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት፣ በወሎ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለዓመታት የኖሩት ጻድቅ፣ በደብረ አስቦ ዋሻ ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው ተቆርጦ እንደ ወደቀ፣ ከዚያም በቀረው እግራቸው ቆመው ለሰባት ዓመት እንደ ጸለዩ ገድላቸው ይናገራል። ጥር 24 ቀን ሰባረ አጽማቸው ይከበራል። ሠዓሊው ሁልጊዜ የወደቀችውን እግር ከአጠገባቸው ያኖራታል፣ ስድስት ክንፍም ይሰጣቸዋል። ከላስታ እስከ ሸዋ ያለ ማንኛውም ልጅ በአንድ እግር የቆመ ሰው ክብር ምን እንደሚመስል ከዚህ ሥዕል ተምሯል። እግሩ የተቆረጠ ሽፍታና እግራቸው የወደቀ ጻድቅ በአንድ አጥቢያ፣ አንዱ ከደጁ፣ አንዱ ከውስጥ ሆነው መኖራቸው በጥሞና ሊታሰብበት የሚገባ የታሪካችን ክፍል ነው።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ድል ከተገኘ በኋላ ለጣሊያን ተሰልፈው የተማረኩ በመቶዎች የሚቆጠሩ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ከጦርነቱ ጥቂት ወራት በኋላ በስፍራው ያለፈው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ኦገስተስ ዋይልድ ያየውን «ዘመናዊት አቢሲኒያ» በተሰኘ መጽሐፉ ጽፎታል። ኢጣሊያ ከተረፉት ለብዙዎቹ ሰው ሠራሽ እግርና እጅ አሠርታ አስገጥማላቸዋለች፤ የጎደለ አካላቸውና የተገጠመላቸው ምትክ የሚታይባቸው ፎቶግራፎችም አሉ። ከአፍሪካ ቀንድ ሕዝብ ዘመናዊ ሰው ሠራሽ እግር በብዛት ከተጠቀሙት የመጀመሪያዎቹ፣ በወገናቸው ላይ ተሰልፈው በወገናቸው የተቀጡት ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። ይህ መራር ነገር ነው። በድሉ የሚኮራ ሰው ይህንንም አብሮ ቢያውቀው ድሉ አያንስበትም።

በዚያው ዓመት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ሐረርና አዲስ አበባ ገብተው የአድዋ ቁስለኞችን ማከም ጀመሩ፤ ዛሬ ዳግማዊ ምኒልክ የምንለው ሆስፒታል መነሻውም ከዚህ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ቁስል ማጠብ፣ ጥይት ማውጣት፣ አካል በሥርዓት መቁረጥ በዚህ በኩል ገባ። ምትክ የመሥራቱ ሙያ ግን ወደ ኋላ ቀረ።

በሌላው ዓለም ይህ ሙያ የጦርነት ተከታይ ሆኖ ነው ያደገው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ነገሥታት የጦር ሐኪም የነበረው አምብሯዝ ፓሬ የብረት እጅና የሚታጠፍ እግር ሥዕል አውጥቷል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1861፣ እግሩን ያጣው ወጣት ጄምስ ሀንገር ከበርሜል ጣውላ ለራሱ እግር ሠርቶ ቆይቶም ፋብሪካ ከፈተ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ፊታቸው በጥይትና በፍንጣሪ ለተበላሸ ወታደሮች ቀራፂዎች ተሰለፉ። ለንደን ውስጥ ፍራንሲስ ደርዌንት ዉድ፣ ፓሪስ ውስጥ አሜሪካዊቷ አና ኮልማን ላድ የሰውየውን ፊት በጀሶ እየወሰዱ፣ ቅርጹን በስስ ብረት እያወጡ፣ የቆዳውን ቀለም በብሩሽ እየቀቡ ጭምብል ሠሩላቸው። ዛሬ ፊልም ላይ ሰው ሠራሽ አፍንጫና ጠባሳ የሚሠሩት ባለሙያዎች ሥራ ከዚያ ጋር አንድ ሥር አለው፤ ሁለቱም የሚጀምሩት ጀሶ በሰው አካል ላይ በማፍሰስ ነው።

በእኛ መድረክ የዚህ ጥበብ ዘመድ ዘግይቶም ቢሆን መጥቷል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትር በመጀመሪያ ዓመታቱ ሴት ተዋናይ ማግኘት ስላልቻለ ወንዶቹ ሴት ሆነው ይጫወቱ ነበር፤ ሕፃናት ሳለን አባባ ተስፋዬ እያልን የምንወዳቸው ተስፋዬ ሣህሉም የሴት ገጸ ባሕርይ ከተጫወቱት አንዱ ናቸው። ፊት መቀባት፣ ፀጉር መሥራት፣ ወንድን ሴት ማስመሰል የመድረኩ ሰው በራሱ እጅ የሚወጣው ሥራ ነበር። ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው «ጤዛ» ፊልም፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር በጀርመን አገር ዘረኞች ባደረሱበት ጥቃት አንድ እግሩን አጥቶ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። ፊልሙ በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በዓመቱም በዋጋዱጉ ፌስፓኮ የወርቅ ፈረስ አግኝቷል። ተማርኮ እንደ ተቀጣ፣ ዘምቶ እንደ ቆሰለ ሳይሆን፣ ተምሮ እንደ ተመለሰ ሰው አንድ እግሩን አጥቶ ገጠር የገባን ኢትዮጵያዊ ፊልም ላይ በዚህ ክብደት ያሳየ ሌላ ሥራ ማግኘት ያስቸግራል።

ወደ ወሎ እንመለስ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በከተማው ነበሩ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም ተመታ። በዚያ ጦርነት የቦንብና የመርዝ ጋዝ ቁስለኛ ከየግንባሩ ወደ ደሴ መንገድ ሲጎርፍ ሐኪሞቹ ጊዜ ያገኙት ለመቁረጥና ለመስፋት ብቻ ነው። እግሩን አጥቶ ወደ ቀዬው የተመለሰው ዘማች የጠበቀው ያው የአባቱ ዘመን ምርኩዝ ሆነ።

ምትክ አካል መሥራት በኢትዮጵያ እንደ ሙያ ሥር የያዘው በጦርነት ብቻ ሳይሆን በአንድ በሽታም በኩል መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የሥጋ ደዌ ነርቭን ይጎዳል፤ ሰውየው እግሩ ላይ እሾህ ቢወጋው፣ ጠጠር ቢፈጨው አይሰማውም። ቁስሉ ከውስጥ ይሰፋል፣ አጥንት ይነካል፣ በመጨረሻም እግሩ ይቆረጣል። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ በሚባለው ስፍራ የነበረው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. ወደ አለርት አደገ፤ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆነ። በወሎም ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ የሚሲዮን ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ ተቋቁሞ ነበር፤ ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ያው ቦሩ ሜዳ። በአለርት ወርክሾፕ ውስጥ ጫማ ሰፊ፣ ቆዳ ሠራተኛ፣ አናጢ ተሰባስበው ስሜት ለሌለው እግር ምስማር የሌለው፣ ሶሉ የለሰለሰ ጫማ መስፋት ጀመሩ። ለተቆረጠውም እግር ሠሩ። በዘመናት እንደ ዝቅተኛ ሥራ ሲናቅ የኖረው የቆዳ ሠራተኛና የጫማ ሰፊ ሙያ፣ የሕክምና አካል የሆነው በዚህ በር ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚህ በላይ ሊነገርለት ይገባል።

ሌላው መስመር ከልጅነት ልምሻ ጋር የተያያዘው ነው። የቼሻየር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1962 በኢትዮጵያ ሥራ ጀምሮ በመናገሻ በፖሊዮ ምክንያት እግራቸው ላልበረታላቸው ሕፃናት የብረትና የቆዳ መደገፊያ መሥራት ያዘ። ከዚያ የኦጋዴንና የሰሜን ጦርነቶች መጡ፤ የተቆረጠ እግር ቁጥር ከማንም አቅም በላይ ሆነ። ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1979 የአካል ተሃድሶ መርሐ ግብሩን ሲጀምር ቀድሞ ከገባባቸው አገሮች ኢትዮጵያ አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. 1981 የአካል ጉዳተኞች ዓለም አቀፍ ዓመት ሆኖ ከተከበረ ከሁለት ዓመት በኋላ ኮሚቴው ለዚህ ሥራ የተለየ ፈንድ አቋቋመ፤ ይህ ፈንድ አዲስ አበባ ላይ ከኢትዮጵያም ከሌሎች የአፍሪካ አገሮችም የሚመጡ ቴክኒሻኖችን ያሠለጠነ ማዕከል ነበረው። ሌሎቹ ደግሞ ታንዛኒያ ሞሺ ሄደው ተማሩ። ደሴና ባሕር ዳር ላይ የተተከሉት የተሃድሶ ማዕከላት ባለሙያዎች የወጡት ከዚህ ዓይነት ትምህርት ነው።

ከዚያ በፊት እግር የሚሠራው ከእንጨት፣ ከቆዳና ከብረት፣ ወይም ውድ ከሆነ ከውጭ ከሚገባ ሬዚን ነበር። እንጨት ይከብዳል፤ ቆዳ በላብና በዝናብ ይበሰብሳል። የቀይ መስቀሉ ባለሙያዎች ያመጡት ፖሊፕሮፒሊን የተባለ ፕላስቲክ ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ውኃ አይጎዳውም፣ ሲሰበር በሙቀት ይጠገናል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2004 ብራያን ብላችፎርድ የተባለውን የሙያው ሽልማት አግኝቷል።

አሠራሩን ቀርቦ ላየ ሰው ግማሹ ሕክምና፣ ግማሹ ቅርጻ ቅርጽ ነው። ባለሙያው በመጀመሪያ የቀረውን እግር ይዳብሳል፤ የሚያመው የት እንደሆነ፣ ክብደት የሚችለው የት እንደሆነ በጣቱ ያነባል። የማይለቅ እርሳስ ይዞ የጉልበቱን አጥንት፣ የቅልጥሙን ጠርዝ፣ ከጎን የምትወጣውን ትንሿን የአጥንት ጉብታ ይከባል። ከዚያ የጀሶ ፋሻ ነክሮ ይጠቀልላል። ጀሶው ከመድረቁ በፊት ሁለት አውራ ጣቶቹን ከጉልበቱ በታች ባለው ጅማት ግራና ቀኝ አስገብቶ ተጭኖ ይይዛል፤ ሰውየው የወደፊት ክብደቱን የሚያሳርፈው በአብዛኛው እዚያ ነው። ፋሻው ወልቆ በውስጡ ጀሶ ሲፈስበት የእግሩ ምስል ይወጣል፤ ወደ ፋሻው የተላለፈው የእርሳስ ምልክትም በነጩ ጀሶ ላይ ታትሞ ይገኛል። አሁን ሞረድ ይይዛል። ክብደት በሚችለው ቦታ ይፍቃል፣ አጥንት ቆዳውን በሚገፋበት ቦታ ጀሶ ይጨምራል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሳሳት ሰውየው በሳምንቱ ቁስል ይዞ ይመለሳል። የፕላስቲኩ ጠፍጣፋ ምድጃ ገብቶ ሲግል ነጭነቱን ለቆ እንደ መስታወት ያሳያል፤ በዚያች ቅጽበት ሁለት ሰው ተጋግዞ ከምድጃው አውጥቶ በጀሶው ላይ ይዘረጋዋል፣ አየሩ በመምጠጫ ሲወጣ ፕላስቲኩ ቅርጹን ይይዛል። ከዚያ ቧንቧው፣ ከዚያ የላስቲክ እግሩ ይገጠማል። በመጨረሻም ሰውየው በሁለት ትይዩ ብረቶች መካከል ቆሞ የመጀመሪያ እርምጃውን ሲሞክር ባለሙያው ወገቡን፣ ጉልበቱን፣ ተረከዙን እያየ ብሎኑን ያጠብቃል፣ ያላላል።

እዚህ ላይ የአገሩ ጠባይ ወርክሾፑ ውስጥ ይገባል። የሰው ሠራሽ እግር አቋም የሚስተካከለው ባለቤቱ በሚያደርገው ጫማ ተረከዝ ልክ ነው። የዋድላና የላስታ ሰው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማውን ያወልቃል። ጫማ ሲወልቅ የተረከዙ ከፍታ ይጠፋል፤ የእግሩ ቧንቧ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ጉልበቱ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ሰውየው ሜዳ ላይ ቆሞ ዳገት እንደሚወጣ ይሰማዋል። በዚህ ሁኔታ ቅዳሴ ሙሉ መቆም ቀላል አይደለም፤ መቋሚያው ያኔ ከዝማሬ ዕቃነት አልፎ የአካል ድጋፍ ይሆናል። በላሊበላ 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት መካከል ያለውን ለዘመናት በእግር ተጠርጎ የለሰለሰ የድንጋይ ደረጃና ጨለማ ዋሻ በባዶ እግር፣ ያውም ስሜት በሌለው እግር መውረድ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ጎበዝ ባለሙያ ይህን አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ደግሞም ከእግሩ ሥር የሚገባ ስስ ማስተካከያ ይሰጣል፣ ወይም አቋሙን ለባዶ እግርና ለዝቅተኛ የላስቲክ ጫማ ያመቻቻል።

ይህን ችግር ከእኛ በፊት ሕንዶች አስበውበታል። በጃይፑር ከተማ ራም ቻንድራ ሻርማ የተባለ የእጅ ጥበብ ሰውና የአጥንት ሐኪሙ ፒ. ኬ. ሴቲ እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጡት የላስቲክ እግር ዋና ዓላማው ባለቤቱ ያለ ጫማ ቤተ መቅደስ እንዲገባ፣ መሬት ላይ እንዲቀመጥ፣ በጭቃ ውስጥ እንዲያርስ ነበር። ሐሳቡ ከሐኪሙ ብቻ አልመጣም፤ ሐውልትና ዕቃ ሲሠራ ከኖረ እጅም መጣ። የላሊበላ መስቀል ሠሪ፣ የኮን አናጢ፣ የደሴ ጫማ ሰፊ ያንኑ ዓይነት እጅ አላቸው።

የዋድላ ገበሬ ጉዳይም አለ። በሬ ጠምዶ በአንድ እጁ እርፉን፣ በሌላው ጅራፉን ይዞ ትልም ለትልም ሲመላለስ የሚረግጠው የተገለበጠ መሬት ነው። ክረምት ሲገባ የደጋው መረሬ እግርን ይዞ አይለቅም፤ ሰው ሠራሽ እግር ጭቃው ውስጥ ሲጣበቅ ማሰሪያው ነው የሚሸከመው። እንስራ ወይም ጀሪካን አዝላ ከወንዝ የምትወጣ ሴት ደግሞ ክብደቷ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ለባዶ ጀርባ የተስተካከለ እግር አይሆናትም። ለአስፋልት የተሠራ እግር ለኮን አይሠራም የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

እግር የሚቆረጥበት ምክንያትም ጦርነት ብቻ አይደለም። ወጌሻ የገጠሩ ሕዝብ የአጥንት ሐኪም ነው፤ ውልቃት የሚመልስ፣ ስብራት የሚያቀና፣ በአብዛኛውም የሚሳካለት። አደጋው ያለው ማሰሪያው ላይ ነው። ቀርከሃው ከልክ በላይ ሲጠብቅ ደም ይቆማል፣ ጣት ይጠቁራል፣ ሕፃኑ ሆስፒታል ሲደርስ እግሩን ማዳን አይቻልም። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በልጆች ላይ ከሚፈጸም የአካል መቁረጥ ምክንያቶች ይህ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ወጌሻን መንቀፍ አይጠቅምም፤ ጣት ሲቀዘቅዝና ቀለሙ ሲለወጥ ማሰሪያውን ወዲያው እንዲፈታ ማሠልጠን ግን ከማንኛውም ሰው ሠራሽ እግር የረከሰና የተሻለ ሥራ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በትግራይ የተነሣው ጦርነት ወደ ሰሜን ወሎ ሲገባ ላሊበላ በሐምሌ መጨረሻ ተያዘች፣ በጋሸና ዙሪያ ለወራት ከባድ ውጊያ ሆነ፣ ደሴም በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በትግራይ ተዋጊዎች እጅ ቆየች፤ ሆስፒታሏም ተዘረፈ። ያ ሁሉ ካለፈ በኋላም በየማሳው የቀረ ያልፈነዳ ተተኳሽ እረኛና አራሽ ያቆስላል። ስለዚህ እግር የሚያስፈልገው ሰው ከጦርነቱ በፊት ከነበረው ይበልጣል እንጂ አያንስም።

የአዋቂ ሰው ሠራሽ እግር ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ደግሞ በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ አዲስ ያስፈልገዋል። ከኮን ተነሥቶ በጋሸና፣ በወልድያ አልፎ ደሴ መድረስ፣ ከዚያም ቅርጽ ለማስወሰድ፣ ለመለካትና ለመለማመድ በከተማ መቆየት ለአንድ አባት የእርሻ ጊዜውን፣ የትራንስፖርትና የማደሪያ ገንዘቡን ይጠይቀዋል፤ መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ ደግሞ ገንዘብም አይረዳውም። ማሰሪያ ተበጥሶ፣ ብሎን ላልቶ፣ የላስቲክ እግር ተሰንጥቆ ብቻ ሰው እግሩን ቤት ጥሎ ወደ ምርኩዝ ሲመለስ ይታያል። አዲስ እግር መሥራት ትልቅ ማዕከል ይፈልጋል። ማሰሪያ መቀየር፣ ብሎን ማጥበቅ፣ እግር መተካትና የተረከዝ ከፍታ ማስተካከል ግን አንድ የሠለጠነ ቴክኒሻን፣ አንድ ጠረጴዛና ጥቂት መለዋወጫ ይበቃዋል። የአማራ ክልል ጤና ቢሮና የሰሜን ወሎ ዞን፣ ከደሴ ማዕከል ጋር ተመካክረው፣ በወልድያና በላሊበላ ሆስፒታሎች እንዲህ ዓይነት የጥገና ክፍል ያደራጁ፤ ከዋድላና ከላስታ የእጅ ባለሙያ ልጆች መርጠውም ለሥልጠና ይላኩ።